የምንወደው መጽሐፍ ፊልም ሊሆን ነው ሲባል ለምን እንሰጋለን?

ኤችቢኦ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድርጅት በ2023 የሃሪ ፖተርን መጻሕፍት እንደገና ሊሠራቸው መሆኑን አስታወቀ። አሁን የሚሠራቸው በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ መልክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዜናው ሲሰማ የመጽሐፉ ወዳጆች በአንድ ሐሳብ አልተስማሙም። ፊልሞቹ የቆረጡት ታሪክ ሊመለስ ነው ብለው ደስ ያላቸው ነበሩ። ‘ሃሪ ማለት እኮ ዳንኤል ራድክሊፍ ነው፤ ሌላ ልጅ እንዴት ሃሪ ይሆናል?’ ብለው የተጨነቁም ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የመጀመሪያው የሃሪ ፖተር ፊልም የወጣው በኖቬምበር 2001 ነው። ከዚያ በፊት መጽሐፉን ያነበቡ ልጆች ሃሪን ሲያስቡ ራድክሊፍ ሊታያቸው አይችልም፤ ያኔ ብዙ ሰው የማያውቀው ልጅ ነበር። እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ሃሪ ይዞ ነበር የሚዞረው። አንዱ ረዘም ያለ፣ ሌላው ቀጠን ያለ፣ ሌላው የጎረቤቱን ልጅ የሚመስል። ዛሬ እነዚያኑ አንባቢዎች ብትጠይቋቸው፣ ብዙዎቹ የሚታያቸው የራድክሊፍ ፊት ነው።

ታዲያ እነዚያ ሁሉ ሃሪዎች የት ሄዱ?

ጥያቄው ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ውስጡ ሁለት ትልልቅ የሥነ ልቦና ጉዳዮች አሉ፤ ምናብ እንዴት እንደሚሠራ፣ ትውስታም እንዴት እንደሚቀየር። የምትወዱት መጽሐፍ ፊልም ሊሆን ነው ሲባል ሆዳችሁ የሚረበሸው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን ስጋታችሁ ሁሉ እኩል ትክክል ነው ማለትም አይደለም። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ስታነቡ ሥራ ላይ ናችሁ

ይህችን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፦ ‘አሮጊቷ በሩን ገርበብ አድርገው ወደ ውጭ ተመለከቱ።’

አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑና መልሱ። በሩ የእንጨት ነው ወይስ የቆርቆሮ? አሮጊቷ ነጠላ ለብሰዋል? ውጭው ቀን ነው ወይስ ማታ? ዓረፍተ ነገሩ ከእነዚህ አንዱንም አልነገራችሁም። ብዙዎቻችሁ ግን መልስ አላችሁ። ከየት አመጣችሁት? ከአያታችሁ ቤት በር፣ ከሰፈራችሁ አሮጊቶች፣ ከዚህ በፊት ካያችሁት ሁሉ። ደራሲ ሁሉንም ነገር ሊነግረን አይችልም። ጥቂት ምልክት ይሰጠንና ቀሪውን ለእኛ ይተወዋል። እኛም ሳናውቀው እንሞላዋለን።

ይህ ‘መሙላት’ ምን ያህል ከማየት ጋር እንደሚቀራረብ በ1910 ቼቭስ ፐርኪ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ አሳየች። ተሳታፊዎቿን ብርሃን በሚያሳልፍ መስታወት ፊት ለፊት አስቀመጠችና መስታወቱን እያዩ ሙዝ ወይም ቲማቲም በሐሳባቸው እንዲስሉ ነገረቻቸው። እነሱ የማያውቁት ነገር ግን ነበረ። ከመስታወቱ ጀርባ በጣም የደበዘዘ የሙዝ ወይም የቲማቲም ምስል ይበራ ነበር። ምስሉ በዓይን ሊታይ በሚችል መጠን ላይ ነበር፤ ተሳታፊዎቹ ግን ራሳቸው በሐሳባቸው የፈጠሩት መሰላቸው።

አስቡት እንግዲህ! በዓይናቸው ያዩትን በሐሳባቸው ከሳሉት መለየት አልቻሉም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጡት የአንጎል ምስል መሣሪያዎችም ይህንኑ የሚደግፍ ነገር አሳይተዋል። አንድን ነገር በዓይን ስናየውና በሐሳብ ስንስለው፣ ሥራ ላይ ከሚሆኑት የአንጎል ክፍሎች መካከል የሚጋሩት ብዙ ነው። ስለዚህ ‘መጽሐፉን ሳነብ ፊልም ይታየኛል’ የሚል ሰው እያጋነነ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ስለ በሩ ስጠይቃችሁ ምንም ምስል ካልመጣላችሁ አትደንግጡ። በሐሳባቸው ምስል የማይታያቸው ሰዎች አሉ። እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም አደም ዜማንና ባልደረቦቹ በ2015 ሁኔታውን ‘አፋንታዚያ’ ብለው ሰይመውታል። በሽታ አይደለም። እነዚህም ሰዎች መጽሐፍ ያነባሉ፣ ይወዳሉ፤ የሚይዙት ግን ሥዕል ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

ስክሪኑ ለምን ያሸንፋል?

የምትወዱትን ገጸ ባሕርይ ፊት አሁን አስቡ። አፍንጫው ምን ዓይነት ነው? የግራ ጆሮው ከቀኙ ይለያል? ብዙዎቻችን በሐሳባችን የያዝነው ፊት ሙሉ አይደለም፤ የሚያስፈልገን ያህል ብቻ ነው የሳልነው። ፊልም ግን ምንም የሚተወው ክፍተት የለም። አፍንጫውን፣ ጆሮውን፣ ድምፁን፣ አረማመዱን፣ የጫማውን ጭቃ ሳይቀር ያሳያል። በዚያ ላይ ሙዚቃ አለው። ፐርኪ ያንን የደበዘዘ ሙዝ አሳይታ ሰዎችን ካምታታች፣ በትልቅ ስክሪን ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚታይ ፊት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ገምቱ።

ቀጥሎ የሚመጣው የትውስታ ጉዳይ ነው። ትውስታ እንደ ፎቶ አልበም ተቀምጦ የሚጠብቀን ነገር አይደለም። ባስታወስን ቁጥር ካሉን ቁርጥራጮች እንደገና እንሠራዋለን። ስንሠራው ደግሞ በቅርብ ያለው፣ ሙሉ የሆነውና ደማቁ ቀድሞ ይመጣል። ከየት እንዳመጣነው ግን ብዙ ጊዜ እንረሳለን።

በ2009 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ባለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ለዚህ የሚሆን ጥሩ ጥናት አሳትመዋል። ተማሪዎች ስለ አንድ የታሪክ ክስተት ትክክለኛ ጽሑፍ አነበቡ፤ ስለዚያው ክስተት ከተሠራ ታዋቂ ፊልም ላይም የተቆረጠ ክፍል ተመለከቱ። ፊልሙ በአንዳንድ ቦታ ከጽሑፉ ጋር ይጋጫል። በኋላ ጽሑፉ ያለውን እንዲመልሱ ሲጠየቁ፣ ብዙ ጊዜ የመለሱት ፊልሙ ያሳየውን ስሕተት ነበር። ትክክለኛውን በዓይናቸው አንብበውታል እኮ!

የጥናቱ ሌላ ግኝት ደግሞ ለእኛ በጣም ይጠቅመናል። ‘ፊልሞች ስሕተት ሊኖራቸው ይችላል፤ ተጠንቀቁ’ የሚለው ጥቅል ማስጠንቀቂያ ብዙም አልረዳቸውም። ‘ፊልሙ ይህን ሰው እንዲህ አድርጎ ያሳየዋል፤ እውነቱ ግን እንዲህ ነው’ የሚለው ዝርዝር ማስጠንቀቂያ ግን ስሕተቱን በጣም ቀነሰው። ጥናቱ የታሪክ ትምህርትን እንጂ ልቦለድን አልተመለከተም። ሆኖም ‘ከመጽሐፉ ነው ወይስ ከፊልሙ?’ የሚለው መምታታት አንድ ዓይነት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

መተካት ሁልጊዜ መዘረፍ ነው ማለት ግን አይደለም። ‘ፍቅር እስከ መቃብር’ን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ የሰማ ሰው በቤታችሁ ካለ ጠይቁት። መጽሐፉን ገልጦ ሲያነብ የሚሰማው የማን ድምፅ ነው? ምናልባት ‘የወጋየሁ’ ይላችኋል፤ ያንን ሲል ግን ፊቱ ላይ ቅሬታ አታዩም።

ገና ሳይወጣ ለምን እንፈራለን?

ስጋቱ የሚገርመው ፊልሙ ሳይታይ፣ አንዳንዴም ገና ሳይቀረጽ መጀመሩ ነው። ለዚህ ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ሁለት እስራኤላውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1979 ያቀረቡት ሐሳብ ይረዳናል። አንድ መቶ ብር መንገድ ላይ ብታገኙ ደስ ይላችኋል። ከኪሳችሁ አንድ መቶ ብር ቢጠፋባችሁስ? ብሩ ያው ነው፤ ንዴቱ ግን ከደስታው ይበልጣል። ከዚያ በኋላ በተሠሩ ስሌቶች፣ የማጣት ስሜት ከማግኘት ስሜት ሁለት እጥፍ ገደማ ይከብዳል የሚል ግምት ይጠቀሳል።

ይህን ወደ መጽሐፋችን እናምጣው። ፊልሙ ጥሩ ቢሆን የምናገኘው ገና የሌለንን ደስታ ነው። መጥፎ ቢሆን የምናጣው ግን በእጃችን ያለውን፣ ለዓመታት የኖርንበትን ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ከመነሻው ወደ ፍርሃት ያዘነብላል። ፊልሙ ጥሩ የመሆን ዕድሉ እኩል በእኩል ቢሆን እንኳ መስጋታችን አይቀርም።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልንገራችሁ። ዳንኤል ጊልበርትና ቲሞቲ ዊልሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሰዎች ክፉ ነገር ቢደርስባቸው ስሜቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይባቸው ሲገምቱ አብዝተው እንደሚገምቱ ደጋግመው አሳይተዋል። ‘ይህ ፊልም ከተበላሸ መቼም አልጽናናም’ የሚል ሰው ከሚያስበው ቀደም ብሎ ይጽናናል።

ሒሳቡ ራሱ አይፈቅድም

አሁን ስሜቱን ትተን ወደ ቁጥር እንሂድ። ከሰባቱ የሃሪ ፖተር መጻሕፍት ረጅሙ በ2003 የታተመው አምስተኛው ነው። በእንግሊዝኛ ወደ 257,000 ቃላት አሉት። አንድ ሰው በደቂቃ 150 ቃል እያነበበ ቢተርክልን፣ 257,000ን ለ150 ስናካፍል ከ1,700 ደቂቃ በላይ ይመጣል። ይህም ከ28 ሰዓት በላይ ማለት ነው።

በ2007 የወጣው ፊልም ግን 138 ደቂቃ ብቻ ነው። ረጅሙ መጽሐፍ ከስምንቱ ፊልሞች ሁለተኛው አጭር ፊልም ሆነ! ከአሥራ ሁለት ሰዓት ትረካ አንድ ሰዓት ብቻ ተረፈ እንደማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ፊልም የራሱ አቋራጭ አለው። ደራሲ አንድን ቤተ መንግሥት ለመግለጽ አንድ ገጽ ቢፈጅ፣ ካሜራ በሦስት ሰከንድ ያሳየዋል። በሌላ በኩል ገጸ ባሕርዩ በልቡ የሚያስበውን ካሜራ እንዴት ያሳየው? እዚያ ላይ መጽሐፍ ይበልጣል። ስለዚህ ‘ይቆረጣል ወይ?’ ብሎ መጨነቅ ዋጋ የለውም፤ መቆረጡ አይቀርም። በሃሪ ፖተር መጻሕፍት ትምህርት ቤቱን የሚያተራምሰው ፒቭስ የተባለው ተንኮለኛ መንፈስ ከስምንቱ ፊልሞች በአንዱም አልታየም። በ‘ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ’ ውስጥ ያለው ቶም ቦምባዲልም ከፒተር ጃክሰን ሦስት ፊልሞች ውጭ ቀርቷል። መጠየቅ ያለበት ‘ምን ቢቆረጥ ታሪኩ ይፈርሳል?’ የሚለው ነው።

ታዲያ የትኛው ስጋት ትክክል ነው?

ይህን ለመለየት ሁለት ጥያቄ ይበቃናል። አንደኛ፦ ይህ ነገር የመጣው ከመጽሐፉ ነው ወይስ ከእኔ? ሁለተኛ፦ ይህ ነገር ቢቀየር ምን አብሮ ይፈርሳል? በአራት እውነተኛ ምሳሌዎች እንሞክራቸው።

የሃሪ ዓይን። በመጽሐፉ የሃሪ ዓይን አረንጓዴ ነው። የራድክሊፍ ደግሞ ሰማያዊ ነው። አረንጓዴ ሌንስ ተሞክሮለት ዓይኑን ስላስቆጣው ተተወ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ያልፋል፤ ከመጽሐፉ የመጣ ነው። ሁለተኛውስ? በታሪኩ ውስጥ ክብደት ያለው ቀለሙ አይደለም። ክብደት ያለው የሃሪ ዓይን የእናቱን ዓይን መምሰሉ ነው፤ ሰው ሁሉ ይህን ደጋግሞ ይነግረዋል፣ በመጨረሻም ትልቅ ነገር የሚንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ‘ለምን ሰማያዊ ሆነ?’ የሚለው ቅሬታ ቀላል ነው። በ2011 በወጣው የመጨረሻ ፊልም ላይ ግን እናቱን በልጅነቷ ሆና የተወነችው ልጅ ዓይን ቡናማ ነበር። እዚህ ላይ ያጉረመረሙ አንባቢዎች እውነት አላቸው።

ሩ። ሱዛን ኮሊንስ በ2008 ባሳተመችው ‘ዘ ሀንገር ጌምስ’ ውስጥ ሩ የምትባል ትንሽ ልጅ አለች። ደራሲዋ ቆዳዋ ጠቆር ያለ ቡናማ መሆኑን በግልጽ ጽፋለች። በ2012 ፊልሙ ሲወጣ ግን አንዳንድ ተመልካቾች ሩ ጥቁር ልጅ መሆኗን አይተው ተገረሙ፤ ቅሬታቸውን በኢንተርኔት የጻፉም ነበሩ። ምን ነካቸው? መጽሐፉን አንብበዋል። ነገር ግን ክፍተት የሚሞላው ምናባቸው የተጻፈውን ሳይቀር ሸፍኖ የለመዱትን ፊት ስሎበታል። ፊልሙ ለመጽሐፉ ታማኝ ነበር፤ ያልታመነው ለእነሱ ሥዕል ነው።

ጌድ። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኧርሱላ ለ ግዊን በ1968 የጀመረችው የ‘ኧርዝሲ’ ተከታታይ መጽሐፍ ጀግና ጌድ ይባላል፤ ቆዳው ቀይ ቡናማ ነው። በዚያ ዓለም አብዛኛው ሕዝብ ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ ነጮቹ ጥቂት ናቸው። ደራሲዋ ይህን ያደረገችው ሆን ብላ ነው፤ በዘመኑ በዚህ ዓይነት መጻሕፍት ውስጥ ጀግና ሁሉ ነጭ መሆኑን ስላልተቀበለችው። በ2004 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የቀረበው ድራማ ግን ጌድን ነጭ አደረገው። ለ ግዊን ራሷ ወዲያው በጽሑፍ ተቃወመች። ሁለቱንም ጥያቄ አቅርቡለት። ከመጽሐፉ የመጣ ነው? አዎ። ቢቀየር የሚፈርስ ነገር አለ? አዎ፤ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ጀግና ሆኖ ያየ ልጅ አለ፤ ድራማው ያንን ልጅ ከታሪኩ አወጣው። ይህ ስጋት ‘የአድናቂ ጭቅጭቅ’ ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

አርወን። የጃክሰን ፊልሞች ሲቀረጹ፣ በመጽሐፉ ብዙም የማትታየው አርወን በሁለተኛው ፊልም ትልቅ ጦርነት ውስጥ ሰይፍ ይዛ እንድትዋጋ ታስቦ ነበር፤ የተቀረጸም ነበር። ወሬው ሲወጣ ብዙ አንባቢዎች ተቆጡ። በመጨረሻ ሐሳቡ ተትቶ አርወን በጦርነቱ ሳትታይ ቀረች። እንግዲህ የአንባቢዎች ድምፅ አንዳንዴ ይሰማል ማለት ነው። ሦስተኛው ፊልም 11 ኦስካር አሸነፈ። እንዲያም ሆኖ የደራሲው ልጅ ክሪስቶፈር ቶልኪን ፊልሞቹ የአባቱን ሥራ ወደ ድብድብ ፊልም አውርደውታል የሚል አቋም እንዳለው በ2012 ለአንድ የፈረንሳይ ጋዜጣ ተናግሯል። ጥሩ ፊልም መሆንና የመጽሐፉን ነፍስ መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው ላይ አዋቂዎችም አይስማሙም።

ከማየታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ

የዋሽንግተኑን ጥናት አስታወሳችሁ? ጥቅል ጥንቃቄ አልጠቀመም፤ ዝርዝሩ ጠቀመ። ስለዚህ ‘ፊልሙ ሥዕሌን አያጠፋብኝም’ ብላችሁ ለራሳችሁ ብትነግሩት ብዙም አይረዳችሁም። ዝርዝር ነገር ሥሩ።

የምትወዱት መጽሐፍ ፊልም ሊሆን ነው ሲባል፣ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ሦስት ገጸ ባሕርያትንና አንድ ቦታ ምረጡ። ፊታቸውን፣ ድምፃቸውን፣ አካሄዳቸውን ጻፉ፤ መሳል የምትወዱ ሳሉት። መጽሐፉን አትግለጡ፤ ከራሳችሁ ብቻ። የሚታያችሁ ምስል ከሌለ ስለ ገጸ ባሕርዩ የምታውቁትንና የሚሰማችሁን ጻፉ። ከታች ቀኑን አስፍሩ።

ከዚያ መጽሐፉን ግለጡና አመሳክሩ። ደራሲው የጻፈውን በአንድ ቀለም፣ እናንተ የጨመራችሁትን በሌላ ቀለም አስምሩ። የእናንተ ቀለም ከጠበቃችሁት በላይ ሊበዛ ይችላል። አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ልክ እንደ ሩ፣ ከተጻፈው ጋር የሚቃረን ነገር ስላችሁ ታገኛላችሁ። ያው መጽሐፍ ካነበበ ጓደኛችሁ ጋር ወረቀት ተለዋወጡ፤ ሁለታችሁም አንድ መጽሐፍ አንብባችሁ ምን ያህል የተለያየ ነገር እንደሠራችሁ ታያላችሁ።

ፊልሙ ሲወጣ ሄዳችሁ እዩ። የሚያበሳጭ ነገር ሲገጥማችሁ ሁለቱን ጥያቄዎች ጠይቁ። መልሱ ‘ከእኔ ነው’ ከሆነ ዳይሬክተሩን ይቅር በሉት፤ ወረቀታችሁ በእጃችሁ ነው። መልሱ ‘ከመጽሐፉ ነው፣ ቢቀየርም ታሪኩ ይፈርሳል’ ከሆነ ግን ዝም አትበሉ፤ ገጹን ጠቅሳችሁ ተከራከሩ።

ከ2001 በፊት የነበሩት እነዚያ ብዙ ሃሪዎች የጠፉት ፊልሙ ክፉ ስለሆነ አይደለም። አብዛኞቹን ማንም አልጻፋቸውም፣ አልሳላቸውም፤ የነበሩት በልጆቹ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። የእናንተዎቹ ገና አሉ። እርሳስ አምጡ።